ከደብሪቱ ቤት የተጫረ እሳት

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ ፲፫

ሁሉም ነደደ። አንድ ነዶ እንኳ አልተረፈም። ዛሬ ጠዋት ሳየው የባላምባራስ ሽብሩ አውድማ ጥቁር ክብ ብቻ ሆኗል። ሴቶቹ ዙሪያውን ቆመው አፋቸውን በነጠላ ይዘዋል።

ትናንት ሚካኤል ነበር። በሚካኤል የሚወቃ ስለሌለ አውድማው ላይ ሰው አልነበረም። እኛ ቅዳሴ ላይ ሳለን እሳቱ ተነሣ፣ ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርደው ነፋስ አገኘው፣ ወጥተን እስክንደርስ አለቀ። ውኃው ያለው ከታች ወንዙ ነው። በእንስራ ተሸክመው ሽቅብ እስኪወጡ የሚጠፋ ነገር አልቀረም።

የጠፋው፦ የዓመቱ ገብስ በሙሉ፣ ጭዱ፣ ሦስት መንሽ፣ የጠባቂው ጎጆ። በሬዎቹ ተርፈዋል። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን።

ግን ያ ገብስ እንዲሁ ገብስ አይደለም። ከጥምቀት በኋላ ለሚሆነው ሠርግ ጠላ የሚጠመቀው ከእሱ ነበር። ሙሽራይቱ ደግሞ የኔ ልጅ የሺመቤት ናት፤ የባላምባራስን ልጅ ልታገባ ቃል ተሳስረናል። እናቷ ከሞተች ስምንት ዓመት ሆነ። ብራና ፍቄ፣ ቀለም በጥብጬ፣ የሰው መጽሐፍ ስገለብጥ ነው ያሳደግኋት። እንዲህ ያለ ቤት ይጠይቃታል ብዬ በሕልሜም አላሰብሁ። አሁን እጄ ላይ ያለውን ዳዊት እንኳ ያዘዙኝ ባላምባራስ ናቸው፤ ለቤተ ክርስቲያናችን ሊሰጡት ስለት አለባቸው። ሃምሳኛው መዝሙር ላይ ደርሻለሁ።

ይህን የምጽፈው ከዳዊቱ ጠርዝ በተቆረጠ ቁራጭ ብራና ላይ ነው። ቤቴ ውስጥ ከእኔ በቀር ፊደል የሚለይ ስለሌለ እንደ ልቤ እጽፋለሁ።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጭሱን ሳይ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «የእኔ ፍም» የሚል ነበር። አይደለም። አፈር አልብሼዋለሁ። በእግሬም ረግጬዋለሁ። አይደለም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ ፲፬

ነው።

ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ሳይወጣ፣ ከአውድማው በታች ወዳለው ወይራ ሄድሁ። ሰኞ ለቀለም ገብስ ያሳረርሁበት ቦታ ነው። ገብሱ እንደ ከሰል ሲጠቁር ከድስት ጥላሸት ጋር ወቅጬ፣ በውኃ ዘፍዝፌ ለወራት አኖረዋለሁ። ጭሱ ስለሚከረፋ የሺመቤት ቤት ውስጥ አታሠራኝም።

በበዓል እንደማይሠራ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ቀለሜ እያለቀ ነው፣ አዲሱ ደግሞ ወራት ይፈልጋል። ለመዝሙረ ዳዊት ነው፣ ሚካኤል ይታገሠኛል ብዬ ራሴን ደለልሁ። ሌሊቱን ማኅሌት ቆሜ ስላደርሁም ቀኑ የኔ መሰለኝ።

ምድጃዬ ጠፍቶ ነበር። የሺመቤት በማለዳ ስትወጣ ፍሙን ሳታዳፍን ቀርታለች። ጎረቤቶቼም ቀድመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጥተዋል። ጭስ የሚታየው ከአንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ከሸክላ ሠሪዋ ከደብሪቱ።

ደብሪቱ ባሏ የሞተባት፣ ከወንዙ ዳር ከዓይነ ስውር እናቷ ጋር የምትኖር ሴት ናት። አገሩ በሙሉ በእሷ ድስት ይቀቅላል፣ በእሷ እንስራ ይቀዳል። ቤቷ ግን የሚገባ የለም፣ ከእጇም የሚበላ የለም። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባላል። እኔም ስል ኖሬያለሁ።

እሳት ልጭር መጣሁ ስላት ደነገጠች። ከዚያ ፍሙን በገል ዝቃ ሰጠችኝ። እናቷ ከውስጥ ሰምታ ኖሮ፣ እንግዳ ሳይቀምስ አይሄድም አለች። እምቢ ማለት አፈርሁ። ተቀምጬ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ በላሁ። ጥሩ ቆሎ ነበር፤ እሳት ያልበዛበት፣ ያልከሰለ።

ከዚያ ወይራው ሥር ገብሴን አሳረርሁ። የቅዳሴው ደወል ሲመታ ፍሙ ላይ አፈር መልሼ ሮጥሁ። መልሻለሁ። ግን ስሮጥ የመለስሁት አፈር ምን ያህል ነበር?

ዛሬ ገሉን ወይራው ሥር ተሰንጥቆ አገኘሁት። ከእሱ ጀምሮ ሣሩ እንደ መንገድ ጠቁሮ ሽቅብ እስከ አውድማው ይሄዳል። የገሉ ጠርዝ ላይ ደብሪቱ ሸክላዋ ላይ ሁሉ የምታደርጋቸው ሦስት ጭረቶች አሉ። ሰው ቢያገኘው በእሷ ይፈርዳል ብዬ አንሥቼ መጽሐፍ የምይዝበት ማኅደር ውስጥ ከተትሁት። ለእሷ ብዬ።

ለእሷ ብዬ አይደለም። ብራና ላይ እንኳ መዋሸት አቃተኝ። ለራሴ ብዬ ነው።

እንግዲህ እንቁጠር፦ በበዓል ሠራሁ። ጾሙ ሳይፈታ በላሁ። ከሸክላ ሠሪ ቤት በላሁ። የአማቼን ገብስ አቃጠልሁ። አሁን ደግሞ ደበቅሁ።

ጭቃ ሹሙ ለነገ አፈርሳታ ጠርቷል። የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ሊቀመጥ ነው፣ ጥፋተኛው እስኪገኝ ማንም አይነሣም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ ፲፭

ፀሐይ ከወጣች እስክትገባ ተቀመጥን። ሜዳውን በእሾህ አጥረውታል። የየካው ገበሬ፣ የእንጦጦው ካህን፣ ከከተማው የወረደው ወታደር፣ ሁሉም አለ። ባላምባራስ ራሳቸው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ገርጥቷል። እኔን ሲያዩ በራሳቸው ሰላም አሉኝ፤ ያቺ ሰላምታ ከሚዋጋ በሬ ይልቅ አስፈራችኝ።

የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን ይዘው ተነሡና፣ አይቶ ወይም ሰምቶ የደበቀ የተገዘተ ይሁን አሉ። ከዚያ እያንዳንዱ እየቀረበ ወንጌሉን ዳስሶ አላየሁም፣ አልሰማሁም እያለ ማለ።

ወንጌሉን ይዤ የቆምሁት እኔ ነኝ። ለዚህ ሥራ የሚጠራው ዘወትር እኔ ነኝ፣ መጽሐፍ አያያዝ አውቃለሁና። ሁሉም ማለ። መጽሐፉን የያዘውን አንተስ ያለው የለም።

ደስ አለኝ። እጽፈዋለሁ፣ እውነቱ ይህ ነው፤ በዚያች ሰዓት ደስ አለኝ።

በአፈርሳታ ሰው በግልጽ አይመሰክርም። ወደ ሽማግሌዎቹ ጆሮ ጠጋ ብሎ ወፍ እንዲህ አለችኝ ይልና ይመለሳል። ወፏ ዛሬ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ስትደጋግም ዋለች፤ በሚካኤል ጭስ የነበረው ከሸክላ ሠሪዋ ቤት ነው። አንዲቱ ወፍ ደግሞ ነጭ የለበሰ ሰው ከዚያ ቤት እሳት ይዞ ሲወጣ አይታለች። በሚካኤል ነጭ ያልለበሰ ማን አለ?

ደብሪቱን አቆሟት። ልትምል ወደ መጽሐፉ ስትቀርብ አንዱ ከኋላ አታስነኳት አለ። እኔም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልሁ። እግሬ ሳላዘው ሄደ። እሷም አየችው።

ማን ነው እሳት የወሰደው አሏት። ቀና ብላ ሽማግሌዎቹን አየች፤ ወደ እኔ አልዞረችም።

«ለጠየቀኝ እሳት እሰጣለሁ። የሰጠሁትን ሰው ስም አልጠራም» አለች።

አባ ወልደ ሰንበት ግዘቱን አስታወሷት።

«ግዘቱ ለእኛ ምን ይጨምርብናል፣ አባቴ? ድሮስ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ መች ትቀብሩናላችሁ?»

ወንጌሉ እጄ ላይ ከበደኝ። ስንት ዘመን ይዤው ኖሬ እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ ፲፮

ኪዳነ ምሕረት ናት፣ ምሕረት ግን አልነበረም። ሁለተኛ ቀን ተቀመጥን። ሰው ረኀቡና ፀሐዩ ሰልችቶት ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ፈለገ። ነገር ቶሎ እንዲያልቅ ሲፈለግ ደግሞ በማን እንደሚያልቅ ይታወቃል።

ፍርዱ፦ ስም ካልጠራች ጥፋቱ የእሷ ነው። ነገ አገሩን ለቅቃ ትሂድ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኦቦ ጉርሜሳ ብቻ አልተስማሙም። ከየካ ግርጌ የሚያርሱ፣ ክርክር ከሆነ በኦሮምኛም በአማርኛም የማይበገሩ ጎረቤቴ ናቸው። በእኛ ዘንድ የሚረገመው እሳት የከለከለ ነው፣ የሰጠማ ይመረቃል አሉ። ሳቁባቸው።

እኔስ ምን አልሁ? ትንሽ ይጣራ አልሁ። ይህን ነው ያልሁት። ድምፄም ቀጭን ነበር።

ቤት ስገባ የሺመቤት ለሠርጓ የምትፈትለውን ጥጥ ዘርግታለች። የሸክላ ሠሪዋን መሄድ ሰምታ፣ እንኳን ሄደች፣ እንዝርት ይዤ በደጇ ሳልፍ እንኳ ዓይኗን እፈራ ነበር አለች። ልጄን ይህን ያስተማራት ማን ነው? እኔ ነኝ። ትንሽ ሳለች በዚያ ቤት በኩል ስናልፍ ፊቷን በጋቢዬ እሸፍንላት ነበር።

መጻፍ አልቻልሁም። ሃምሳኛው መዝሙር እዚያው ቆሟል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ ፲፯

ማለዳ ወደ ወንዙ ወረድሁ። ደብሪቱ ዕቃዋን አስራ ጨርሳለች። የሚሄዱት አንድ አቁማዳ፣ አንድ ቁርበት፣ አንድ ድስት፣ እናቷ። የሚቀሩት ደርቀው እሳት የሚጠብቁ አሥራ ሰባት እንስራዎች። ትናንት ማታ ልትተኩሳቸው መተኮሻውን በኩበት ሞልታ ለኩሳ ነበር፤ በኋላ ለማን ብላ ተወችው።

ለምን ስሜን እንዳልጠራች ጠየቅኋት። ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

«ሰባት ዓመት እዚህ ስኖር እቤቴ ገብቶ ከእጄ የበላ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችኝ። «እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ ያንን ስታወራ ከረመች። የበላውን ሰው አሳልፌ ልስጥ?»

እስከ ሰኞ ቆዪኝ፣ ሰኞ ገብርኤል ነው፣ ሰዉ ሁሉ ሲሰበሰብ እናገራለሁ አልኋት። ፈገግ አለች። አላመነችኝም፤ እኔ ብሆንም አላምንም ነበር። ፀሐይ ሳይበረታባት እናቴን ላድርስ አለች። ከኮተቤ ማዶ ዘመድ አላት፤ ያስገቧት እንደሆነ ግን አታውቅም።

እናቷን አዘለቻት። ልደግፋት እጄን ዘረጋሁ። በዚህ መካከል ከላይ የሰው ድምፅ ሰማሁ፤ ውኃ ሊቀዱ የሚወርዱ ሴቶች ናቸው።

ከአጥሩ ኋላ ተደበቅሁ።

ይኸው ጻፍሁት። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ጠምጥሜያለሁ፣ ዳዊት እደግማለሁ፣ ሴት እናቷን አዝላ ዳገት ስትወጣ እኔ አጥር ሥር ቁጢጥ ብዬ ነበር። ሴቶቹ አልፈው ስወጣ ደብሪቱና እናቷ መታጠፊያውን አልፈዋል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ ፲፰

ተናገርሁ። ከቅዳሴ በኋላ አባ ወልደ ሰንበትና ባላምባራስ አብረው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ተንበርክኬ ሁሉንም አልሁ፤ ወይራውን፣ ደወሉን፣ ገሉን፣ ቆሎውን።

ባላምባራስ አነሡኝ። የጠበቅሁት ይህን አልነበረም። ገብስ ነው፣ ለከርሞ ይበቅላል፤ እሳት በእጁ አምልጦት የማያውቅ ሰው የለም አሉ። አባም፣ ሰው ሆኖ የማይስት እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም አሉ። እንባዬ መጣ። ይህን ያህል ቀላል ነበር ለካ!

ቀጥለው አንድ ነገር ጠየቁ። እሳቱን ከቤቴ ምድጃ ወሰድሁት በል፣ አሉ አባ። ከእሷ ቤት መግባትህን፣ ከእሷ መብላትህን አታንሣ። እሷም ከቃጠሎው ነጻ ትወጣለች፣ ምን ጎደለባት?

«ቃጠሎውን ይቅር ብያለሁ» አሉ ባላምባራስ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን ከሸክላ ሠሪ ማዕድ ቀርቤያለሁ ብለው በአደባባይ ከተናገሩ፣ ልጄ ከማን ቤት አገባ ይባላል? ዳዊቱንስ ማን ይደግምበታል?»

ክፉ ሰው አይደሉም። ሲናገሩ ዓይናቸው የሚለምን ዓይን ነበር።

የዓመት ገብሳቸውን ይማሩኝ ሳልላቸው ማሩኝ። አንድ እፍኝ ቆሎ ግን መማር አቃታቸው።

አስባለሁ ብዬ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ አሰብሁ። ግማሹን ብናገር ልጄ ታገባለች፣ ዳዊቴን እጨርሳለሁ፣ ደብሪቱም ከቃጠሎው ትነጻለች። ሁሉም ያምራል። ግን ደብሪቱ ስሜን የደበቀችው ስለ ቆሎው ነው። ቆሎውን ከካድሁት ምኑን ደበቀችልኝ?

ለየሺመቤት ነገርኋት። እንዝርቷን አስቀመጠችና ወደ ጓዳ ገባች።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ ፲፱

ገብርኤል። ሰው ከየካም፣ ከእንጦጦም፣ ከኮተቤም መጥቶ ቅጥሩ ጢም ብሎ ነበር። ታቦቱ ገብቶ ሰው ሊበተን ሲል ከደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ወጣሁ።

ገሉን ከማኅደሬ አውጥቼ ከፍ አደረግሁት። የባላምባራስን አውድማ ያቃጠልሁት እኔ ነኝ አልሁ። ጉርምርምታ ሆነ። እሳቱን የጫርሁት ከደብሪቱ ቤት ነው፣ ከእጇም ቆሎ በልቻለሁ፣ ይኸው ስምንት ቀኔ፣ ምንም አልሆንሁም አልሁ። ሰዉ የዚያን ጊዜ ጸጥ አለ። በቃጠሎው አጉረመረመ፣ በቆሎው ጸጥ አለ።

አጠገቤ የቆሙት ቀስ ብለው ራቁ። አንዲት ሴት ልጇን ጎትታ ነጠላዋ ሥር ከተተችው። እኔም እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁና አልተቆጣሁም። ባላምባራስ በቅሏቸውን አስመጥተው ሄዱ። የሺመቤት ፊቷን ሸፍና ከሴቶቹ በር በኩል ወጣች።

ኦቦ ጉርሜሳ ብቻ መጥተው እጄን ጨበጡ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሉኝ። ጠርቷል፣ ግን እሷ ሄዳለች አልኋቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አላጽናኑኝም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ ፳

ማለዳ ሰው ልከው ዳዊቱን ወሰዱት። ብራናውን ጠቅልዬ፣ ያለቀውን ካላለቀው ለይቼ ሰጠሁ። ከሃምሳኛው ጀምሮ በሌላ ሰው እጅ ይጻፋል። ዓይን ያለው ሰው የቱ ጋ እንደተቀየረ ያውቃል። የዕጮኛይቱ ቀለበትም አብሮ ተጠየቀ፤ የሺመቤት ራሷ አውጥታ አቀበለች፣ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ደግሞ ምድጃችን ጠፍቶ አደረ። ትናንት ማናችንም እሳት ማዳፈን ትዝ አላለንም። ገል ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያው ቤት በሩን ዘጋ። ሁለተኛው እሳት የለም አለ፣ ጭሱ ከክዳኑ እየወጣ። ሦስተኛው ዘንድ ሳልደርስ ተመለስሁ። ኦቦ ጉርሜሳ ይሰጡኝ ነበር፣ ግን ቤታቸው ሩቅ ነው፣ እግሬም አልታዘዘኝም። አመዱ አጠገብ ተቀመጥሁ።

የሺመቤት ከእሑድ ጀምሮ አላናገረችኝም ነበር። ገሉን ከእጄ ወሰደች፤ ያንኑ፣ ሦስት ጭረት ያለበትን። ወጣች። ብዙ ቆየች። ስትመለስ ፍም ይዛለች፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ አመድ ነው።

ማን ሰጠሽ አልኋት።

«ማንም አልሰጠኝም» አለች። «ከደብሪቱ መተኮሻ ነው። ኩበቱን ስገልጠው ከሥሩ ቀይ ነበር።»

እዚያ ቤት ገባች ልጄ። ብቻዋን።

ከዚያ እሳቱን አያያዘች፣ ምጣድ ጣደች፣ ሽምብራ ዘርግፋ ትቆላ ጀመር። አሁንም ፊቷን አላዞረችልኝም። እናቷን አዝላ ስንት ቀን ትሄዳለች አለችኝ። ኮተቤን እስክታልፍ ሁለት ቀን፣ እያረፈች ከሆነ ሦስት አልኋት። እንግዲያስ ደርሳለች፣ ነገ ብንነሣ እናገኛታለን አለች። ብንነሣ ነው ያለችው። እኔ ብቻዬን ልሄድ ነበር ያሰብሁት።

እኔ ሠርጓን አፍርሼባታለሁ። ይህን አልረሳም፣ እሷም የምትረሳው አይመስለኝም። አሁንም አልፎ አልፎ እጇን ገትታ ምጣዱን ዝም ብላ ታያለች።

ቆሎው ሁለት እፍኝ ለመንገድ፣ አራት እፍኝ ለእነሱ ተቋጥሯል። ከእኛ እጅ ይቀበሉን እንደሆነ አላውቅም።